የሐረር ፔጆ 404፦ ከመግዛትዎ በፊት የኋላ አክሰሉን ይዩ

ሐረር ላይ በታክሲነት ያገለገለ ፔጆ 404 ዛሬም ቢገዛ የማያስቆጭ መኪና ነው። 1618 ሲሲ የቤንዚን ሞተሩን ማንም መካኒክ ፈትቶ ይገጥመዋል። ዋጋ መከራከር ያለብዎት የኋላ አክሰሉ ላይ ነው፤ ፍሬኑና ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) አንዱ የሌላውን በሽታ ይይዛሉ።

የ404 ዲፈረንሻል የተለየ ነው። እንደ ቡሎን የተጠማዘዘ የብረት ዘንግ የነሐስ ጥርስ ያዞራል። ለዚህ ፋብሪካው ያዘዘው የጉሎ ዘይት ያለበትን ነበር። ብዙ ሰው ግን የጭነት መኪና ዲፈረንሻል ዘይት ይሞላበታል። በዚያ ዘይት ውስጥ ያለው ድኝ ሲሞቅ ነሐሱን ይበላዋል። ስለዚህ ዘይቱን ነጭ ሳፋ ላይ ያስወርዱ፦ እንደ ዱቄት የደቀቀ ወርቅማ ብናኝ ያስኬዳል፤ ቅርፊት መሳይ ስብርባሪ ከወጣ ጥርሱ አልቋል፣ መኪናውን አይግዙት። የጉሎ ዘይት ከማዕድን ዘይት ጋር አይስማማም፤ ሲቀይሩ አሮጌው ጨርሶ ታጥቦ ይውጣ። አዲሱን መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ መሙያው ቀዳዳ አፍ እስኪደርስ ብቻ ይሙሉ። ከዚያ ካለፈ ወይም ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ካረጀ ዘይቱ በአክሰሉ ጫፍ ወጥቶ የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል።

ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የሚስብ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚታመመው ከዚህ ነው፤ የነከሰ (ተጣብቆ የቀረ) የፍሬን ሲሊንደርም ያው ያደርጋል። ታምቡሩን (ሸራው ከውስጥ የሚይዘውን ከበሮ) አውርደው ሸራውን በጣትዎ ይንኩት፤ ጥቁርና የሚያንሸራትት ከሆነ በቤንዚን ማጠብ አያድነውም፣ ዘይቱ ገብቶበታል። ፓራኦሊዮውን መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ሸራውን በሁለቱም ጎን ይቀይሩ። ታምቡር ቶርኖ ቤት ከላኩም ግራና ቀኙ እኩል ይላጥ።

ፔዳሉም ይናገራል። ሁለቴ ሲረግጡት ከፍ የሚል ከሆነ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል፦ ጎማውን አንስተው እያዞሩ የሸራውን ማስተካከያ ያጥብቁ፣ ሸራው ሲነካ ትንሽ ይመልሱት። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ አየር አለበት፤ ከዋናው የፍሬን ፓምፕ ከራቀው ጎማ ጀምረው ያስወጡት። ረግጠው ይዘውት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ግን የሚፈስ ነገር ከሌለ ችግሩ የዋናው ፓምፕ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ነው። የሞተር ዘይት የተጨመረበት ፍሬን ከሆነ ጎሚኒው ሁሉ ያብጣል፣ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ ማብቃቃት አያዋጣም።

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው የደንገጎ ቁልቁለት ለዚህ ሁሉ ፈተና ነው። ያረጀ የፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል፦ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውኃ ሲስብ ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለሉን ይነካል። ስለዚህ አዲስ የገዙት 404 የፍሬን ዘይቱ ሳይቀየር ከሐረር ወደ ድሬዳዋ አይወርድም። ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ማርሽ ይያዙት፣ ፍሬኑን ደግሞ ለአጭር ጊዜ እየረገጡ ይልቀቁት።