የጡንቻና የጅማት መገናኛን የሚያሳዩ የማይክሮስኮፕ ስላይዶች፦ ከሐረር የማስተማሪያ ቤተ ሙከራ የተሰጠ ግምገማ

በሐረር ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች የሕብረ ሕዋስ ትምህርት የምንሰጥ መምህራን የጡንቻ ስላይድ አንቸገርም፤ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያዘው የጅማት ስላይድም ቢሆን በየሳጥኑ ይገኛል። የሚቸግረን ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ በግልጽ የሚያሳይ ስላይድ ነው። በድሬዳዋ ከሚገኝ የቤተ ሙከራ ዕቃ አቅራቢ የገዛነው ሳጥን በዋናነት ለዚህ ቦታ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ በሐረርና በድሬዳዋ ለሚያስተምሩ ባልደረቦች አስተያየቴን በዝርዝር ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የሳጥኑ ትልቁ ጥንካሬ አቆራረጡ ነው። ቁራጩ ከጡንቻው ቃጫዎች ጋር ትይዩ ሆኖ በስሱ ስለተወሰደ፣ በ40 እጥፍ ሌንስ ሲታይ የጡንቻው ተሻጋሪ መስመሮች እስከ ቃጫው ጫፍ ድረስ ሄደው እዚያው ሲያበቁ በግልጽ ይታያሉ። ከጫፉ ባሻገር ደግሞ የጅማቱ ሕዋሳት ቀጫጭን ኒውክለሶች ጅማቱን በሚያጠነክረው ፕሮቲን፣ በኮላጅን፣ ጥቅሎች መካከል ተሰልፈው ይገኛሉ። ቃጫዎቹ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ እንደማያበቁም ስላይዱ በሚገባ ያሳያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በግድግዳ ላይ በሚሰቀሉ ሥዕሎች ምክንያት ብዙ ተማሪዎች ጡንቻው በአንድ ቀጥ ያለ ድንበር ላይ የሚቆም ይመስላቸዋል።

ድክመቱ ከቀለሙ ይጀምራል። ስላይዶቹ የተቀለሙት በተለመዱት የሕብረ ሕዋስ ማቅለሚያዎች፣ በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን፣ ሲሆን፣ ኢዮሲን ጡንቻውንም ኮላጅኑንም ሮዝ ስለሚያደርጋቸው ለጀማሪ ዓይን ድንበሩ ይደበዝዛል። የማይክሮስኮፑን የብርሃን መቆጣጠሪያ ቀዳዳ ጠበብ ማድረግ መስመሮቹን በተወሰነ ደረጃ ያጎላቸዋል። ሆኖም ጡንቻን ቀይ፣ ኮላጅንን ደግሞ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያደርገው የማሰን ትራይክሮም አቀላለም ለዚህ ቦታ እጅግ የተሻለ ነው፤ አዘጋጆቹ ቢያንስ አንድ እንደዚህ የተቀለመ ስላይድ ሊጨምሩ ይገባ ነበር።

ከቀለሙ ይልቅ ያሳሰበኝ አብሮ የመጣው የማብራሪያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ «የጡንቻ ቃጫዎች ወደ ጅማት ይለወጣሉ» ይላል፤ ይህ ስሕተት ነው። የጡንቻው ሕዋስ፣ ማለትም ቃጫው፣ በራሱ ሽፋን ተከልሎ ያበቃል፤ ጅማቱም ከሽፋኑ ውጭ ይጀምራል። ጉልበት ድንበሩን የሚሻገረው በፕሮቲኖች ሰንሰለት ነው። በመጨረሻው ሳርኮሜር (የቃጫው የመኮማተሪያ ክፍል) ያሉት፣ አክቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠሩት ክሮች ከሽፋኑ ሥር ካሉ እንደ ታሊንና ቪንኩሊን ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ይያያዛሉ። ከዚያም ኢንቴግሪን የተባለው ፕሮቲን፣ እንዲሁም ዲስትሮፊን ያለበት ሌላ የፕሮቲን ስብስብ፣ ሽፋኑን አቋርጠው ከውጭ ካለው ላሚኒን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ያገናኟቸዋል፤ ላሚኒኑም በተራው ከጅማቱ ኮላጅን ጋር ይተሳሰራል። በ2004 የተገለጸው ኮላጅን 22 የተባለው ዓይነት በጡንቻ ውስጥ በተለይ በዚህ መገናኛ ላይ የሚገኝ መሆኑ፣ ቦታው የራሱ ሕዋሳዊ ማንነት እንዳለው ያሳያል። ይህ ሁሉ በወረቀቱ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም።

የወረቀቱ ሥዕልም መታረም አለበት። የጡንቻውን ጫፍ በጅማቱ ውስጥ እንደገቡ ጣቶች አድርጎ ይስላል፤ ይህ በስስ ቁራጭ ላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚገኘው ምስል ነው። በ2015 የወጣ የሰው ጡንቻ ጥናት ግን መገናኛውን በሦስት ገጽታ ሲያይ፣ ጅማቱ እንደ ሸንተረር ተዘርግቶ በጡንቻው ሕዋስ ላይ ካሉ ቦዮች ጋር የሚገጣጠም መሆኑን አሳይቷል። እጥፋቱ የመገናኛውን ስፋት በብዙ እጥፍ ስለሚያሳድገው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። ሽፋኑም ከጉልበቱ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ለመሆን ስለሚቃረብ፣ ጫናው በቀጥታ የሚገነጥል ሳይሆን ይበልጡን ጎን ለጎን የሚያንሸራትት ይሆናል። የእጥፋቱን ዝርዝር በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ማየት ስለማይቻል፣ ሳጥኑ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ ቢያካትት ኖሮ ዋጋው በእጅጉ ከፍ ይል ነበር።

ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ ተማሪዎች ነገ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ የታፋው የኋላ ጡንቻ የተጎዳበትን ወጣት ተጫዋች ይመረምራሉ፤ ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በዚሁ መገናኛ አካባቢ ነው። ጡንቻው ጅማት «የሚሆን» ከመሰላቸው፣ ጉዳቱ ለምን እዚያ እንደሚበዛ ሊያስረዱት አይችሉም።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልጨምር። ሳጥኑ ጠንካራ በመሆኑ ከድሬዳዋ በደንገጎ አቀበት እስከ ሐረር ሲመጣ አንድም ስላይድ አልተሰበረም። ኢዮሲን በብርሃን ስለሚደበዝዝ ስላይዶቹን በመስኮት አጠገብ መተው አይገባም። ለመግዛት ያሰበ ሰው ናሙናው ከሰው ወይስ ከሌላ እንስሳ እንደተወሰደ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በእኛ ሳጥን ላይ «አጥቢ እንስሳ» ከማለት ያለፈ የተጻፈ ነገር የለም። በትራይክሮም የተቀለመ አማራጭ ካለ ደግሞ ዋጋው ቢጨምርም እርሱን ይምረጥ፤ የማብራሪያ ወረቀቱን ግን ሳያርም ለተማሪ አይስጥ።