መጤ ተምችን ለገበሬ ለማስተማር፦ የመስክ ትምህርት ቤት ወይስ ቪዲዮ?

በቆሎን የሚያጠቃው ትል፣ የአሜሪካ መጤ ተምች፣ በ2009 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ፣ ገበሬውን በመስክ ትምህርት ቤት ወይስ በቪዲዮ እናስተምረው የሚለው በቆሎ አብቃይ ወረዳዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው።

ወጪ
የመስክ ትምህርት ቤት፦ ከ20 እስከ 25 ገበሬዎች ወቅቱን ሙሉ በየሳምንቱ ይገናኛሉ። አሠልጣኝና የመማሪያ ማሳ ይፈልጋል።
ቪዲዮ፦ አንዴ ከተቀረጸ በባትሪ በሚሠራ ፕሮጀክተር ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራል።

ገበሬው አእምሮ ውስጥ ምን ይቀራል?
ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በመስክ ገበሬው ማሳው ውስጥ አምስት ቦታ ቆሞ በየቦታው 20 ተክል ይፈትሻል፤ ከ100ው ስንቱ እንደተጠቃ ራሱ ይቆጥራል። በቆሎው ገና ለጋ ሳለ የተጠቃው 20 ካልደረሰ መርጨት ብር ማባከን ነው፤ የተምቹን ጠላት ነፍሳትም ይፈጃል። ትሉ ካደገ ደግሞ ጥቅል ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ በራሱ እዳሪ ስለሚሸፈን መድኃኒቱ አይደርሰውም። ቅጠሉን በእጁ ፈልቅቆ ያየ ገበሬ ይህን አይረሳም።
ቪዲዮ የእንቁላሉን ክምችትና በትሉ ጅራት አጠገብ በአራት ማዕዘን የተደረደሩትን አራት ጥቁር ነጠብጣቦች አጉልቶ ያሳያል። ቆጠራን ግን አያለማምድም።

ምን ያበላሸዋል?
መስኩን፦ ዘግይቶ መጀመር። በቆሎው ከበቀለ ሳምንታት ካለፉ የፍተሻው ጥቅም ይቀንሳል።
ቪዲዮውን፦ ሳያቋርጡ ማሳየት። ከየክፍሉ በኋላ አቁሞ መጠየቅ የግድ ነው።

ተምቹ አሁን ከታየና ብዙ ቀበሌ በፍጥነት መድረስ ካስፈለገ ቪዲዮው ይሻላል። አሠልጣኙ ወቅቱን ሙሉ የሚቆይ ከሆነና በዘልማድ መርጨት ሥር የሰደደበት አካባቢ ከሆነ ግን የመስክ ትምህርት ቤቱን ምረጡ።