ለእናቴ ነርስ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ

አንዲት ነርስ ማመስገን ፈልጌ ነው። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጽፍም። የጡት ካንሰር የታከመ ዘመድ ያላችሁ ግን በውስጥ አናግሩኝ፣ ያለችበትን እነግራችኋለሁ። በጭፍን ሂዱላት!

እናቴ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ከጨረሰች 8 ዓመት ሆኗት ነበር። እኛም ረስተነዋል። ከዚያ ወገቧን ያማት ጀመር። ሦስት ቦታ ወሰድኳት። አንዱ ጋ እርጅና ነው ተባልን። ሌላው ጋ ፍራሽ ቀይሩ አሉን፣ ቀየርን። ሦስተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ማስታገሻ ጽፎ ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። ከዚህ በፊት ምን ታመው ነበር ያላት አንድ ሰው የለም። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። እናቴ እኮ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነበር የምታነጋው።

ይቺ ነርስ ግን ታሪኳን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። "እማማ፣ ሲያርፉ ይሻልዎታል ወይስ ሌሊት ይብስብዎታል?" አለቻት። የጀርባ አጥንቷን በጣቷ አንድ በአንድ እየነካች ወረደች። አንዱ ጋ ስትደርስ እናቴ እጄን ጭምቅ አደረገችው። "እግርዎን ይደነዝዝዎታል? ይከዳዎታል? ሽንት ያመልጥዎታል?" ይህ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው አለችን። እናቴ እሱስ አልነበረባትም። ቢሆንም ራሷ ደግፋ ሐኪሙ ጋ አደረሰቻት።

ካንሰሩ አጥንቷ ላይ ወጥቶ ተገኘ። የማሽኑንና የመድኃኒቱን ነገር አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። እሷ ያስረዳችኝን ግን ልንገራችሁ። የጡት ካንሰር ከብዙ ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ብዙ ጊዜ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አንጎል ላይ ይወጣል። አልለቅ ያለ የአጥንት ሕመም፣ የማይተው ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ ከአንገት በታች ካለው አጥንት በላይ እብጠት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካያችሁ ዝም አትበሉ። "ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፣ ግን ይታይ" ነው ያለችኝ። ደግሞ ባይጠይቋችሁም የጡት ካንሰር ነበረብኝ በሉ። እባካችሁ በሉ።

ጨርሶ አይጠፋም፣ በሕክምና ግን ይያዛል ብለውናል። ሕመሙ ቀንሶላታል። አሁን ጋደም ብላ ትተኛለች። ይህን ስጽፍ እንኳ ከጎኔ ተኝታለች፣ ትንፋሿ ይሰማኛል። ነርሷ ሆይ፣ ክፉ አይንካሽ።