ነጻው ይሻላል ወይስ የሚከፈልበት? ከሰሜን ሸዋ ሆኖ ዴቲንግ አፕ ለሚጠቀም ሰው

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳ ላይ ቲንደር የሚባለውን ዴቲንግ አፕ ከፍታ አመጣችና «ይኼን ልክፈለው ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። ስክሪኑ ላይ የደበዘዙ ፊቶች ተደርድረዋል። የአንዱ ጥርስ፣ የሌላው ኮፍያ ብቻ ይለያል። ከሥር ደግሞ ማን እንደወደዳት ለማየት «ጎልድ» የሚባለውን የሚከፈልበት ደረጃ ግዢ ይላታል።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት የርቀቱን ቅንብር ነው። 30 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሟል። ከደብረ ብርሃን 30 ኪሎ ሜትር ማለት ከተማውን፣ ጫጫንና ዙሪያውን ያለውን ገጠር ማለት ነው። እዚያ ውስጥ አፑን የሚጠቀመው ሰው በሁለት ምሽት ያልቃል። ብዙ ሰው ለመክፈል የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ያጣው ስላልከፈለ ይመስለዋል።

በቲንደር ነጻውም ቢሆን ርቀቱን እስከ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መለጠጥ ይቻላል። አዲስ አበባ በአስፋልቱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ አፑ የሚለካው በቀጥታ መስመር ስለሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብላችሁ የአዲስ አበባን ሰው ያለ ክፍያ ታያላችሁ። ዓለም ከተማ ላለ ሰውም እንደዚያው ነው። «ፓስፖርት» የሚባለው፣ ያላችሁበትን ቦታ ወደ ሌላ ከተማ የሚያዛውረው የክፍያ አገልግሎት፣ ለእናንተ አያስፈልግም። መሐል ሜዳ ላለ ሰው ግን ነገሩ ይለያል፤ አዲስ አበባ ከ160 ኪሎ ሜትሩ ውጭ ትሆንበታለች። ቢሆንም ደብረ ብርሃን በወረደ ቀን አፑን ከከፈተው ቦታው ራሱ ይቀየራል።

ከፋዩ ከዚህ በተረፈ ምን ያገኛል? ያልተገደበ ላይክ አንዱ ነው። ነጻው በ12 ሰዓት ውስጥ የተወሰነ ብቻ ይፈቅዳል፤ በእኛ አካባቢ ግን ከላይኩ በፊት የሚያልቀው ሰው ነው። የደበዘዙትን ፊቶች መግለጥ የጎልድ ነው። የወደዷችሁ ሰዎች ግን ነጻው ላይም በየተራ ይመጣሉ፤ እናንተም ከወደዳችኋቸው ወሬው ይጀመራል። ሰው በሺህ በሚቆጠርበት አዲስ አበባ ጎልድ ጊዜ ይቆጥባል። እዚህ ሁለት ሦስት ምሽት ብትታገሱ እነዚያኑ ሰዎች በነጻ ታገኟቸዋላችሁ።

እኔ ከልቤ ክፍያ ይገባዋል የምለው አንድ ነገር አለ፤ መሰወር። በትንሽ ከተማ አስተማሪ የሆነች ሴት ፎቶዋ ተማሪዎቿ እጅ ሲገባ፣ ነርሷን ታካሚዋ በማግስቱ «አየሁሽ» ሲላት ምን እንደሚሰማ የሚያውቀው የደረሰበት ነው። «ኢንኮግኒቶ» የሚባለው መሰወሪያ ሲበራ የምትታዩት እናንተ ራሳችሁ ለወደዳችሁት ሰው ብቻ ነው። ይኼ በቲንደር ከሚከፈልባቸው ዝቅተኛው በሆነው ፕላስ ውስጥ አለ፤ ጎልድ ድረስ መሄድ አያሻም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ስልካችሁ ላይ የተመዘገቡ ቁጥሮችን የሚያግደውን ነጻ ቅንብር ሞክሩ። አለቃችሁን፣ የጎረቤታችሁን ልጅ፣ የአጎታችሁን ልጅ በአንዴ ታስቀራላችሁ። ተማሪን ግን አያስቀርም፤ ቁጥሩ እናንተ ጋ የለምና።

«የከፈለ ሰው ቁም ነገረኛ ነው» የሚለውን አልቀበልም። አጭበርባሪም ይከፍላል፤ ለእሱ ወጪው መነሻ ካፒታል ነው። ሰማያዊዋ የማረጋገጫ ምልክት ደግሞ በነጻ የምትሰጥ ናት፤ የሰውየው ፊት ከፎቶው ጋር አንድ መሆኑን ብቻ ትናገራለች፣ ሚስት እንዳለው አትናገርም። ሳያገኛችሁ «ስጦታ ልኬልሽ ጉምሩክ ተያዘ፣ ማስለቀቂያ ላኪ» ያለ ሁሉ፣ ከፍሎ ገባም አልከፈለም፣ ያው ሌባ ነው።

ክፍያው ራሱ አንድ ራስ ምታት ነው። የሚቆረጠው በዶላር ስለሆነ ለውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ዶላር በብር ሲሰላ እጥፍ አልፎ ሄዷል። ካርድ ስለሌለን ብዙዎቻችን ውጭ ያለ ዘመድ እናስቸግራለን። እኔም አሜሪካ ያለችውን የአክስቴን ልጅ አስቸግሬ ለአንድ ወር አስከፈልኳት። ሰለቸኝና አፑን ከስልኬ አጠፋሁት፣ አለቀ ብዬ ተኛሁ። ከሁለት ወር በኋላ ደውላ «አንቺ፣ አሁንም እየቆረጠ ነው እኮ» አለችኝ። ለተጨማሪ ሁለት ወር ተቆርጦባት ነበር። ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት፤ እስከ ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር ያሳፍረኛል። አፑን ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም። ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ የራሳችሁን ምስል ነክታችሁ፣ ከክፍያዎች ሥር የደንበኝነት ዝርዝሩን ከፍታችሁ መሰረዝ አለባችሁ። በከፈላችሁ ቀን ወዲያው ብትሰርዙትም የከፈላችሁበት ወር እስኪያልቅ ይሠራል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ሰርዙት።

እንግዲህ ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ነጻውን፣ ርቀቱን እስከ ጥግ ለጥጦ፣ ቢያንስ አንድ ወር ይሞክር። ከተማው የሚያውቃት ሴት ፕላስን ለአንድ ወር ብትከፍል አልፈርድባትም። የስድስት ወሩን፣ በየወሩ ሲካፈል ርካሽ የሚመስለውን፣ ለማንም አልመክርም።

የትኛውም አፕ፣ ነጻም ይሁን የሚከፈልበት፣ የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ የማን ልጅ ነህ? የኛ ሰው ሰባት ቤት ሳይቆጥር አይጋባም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ወሬ የአባትና የእናትን አገር ጠይቁ፤ ልብ ከገባ በኋላ ዘመድ ሆኖ መገኘት ያማል።

ባልደረባዬ ርቀቱን 160 አደረገችና የክፍያውን ገጽ ዘጋችው። አሁን ኮተቤ ከሚኖር ልጅ ጋር ታወራለች፤ አያቱ የመንዝ ሰው ናቸው አላት። የእሷም አያት ከዚያው ናቸው። እሑድ እናቷ ጋ ሄዳ እየቆጠሩ ነው።