ጀርመንን በባቡር ለሚጎበኝ የትኛው ትኬት ያዋጣል?

ጀርመንን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ ዶይችላንድቲኬት፣ ባየርንቲኬትና ሽፓርፕራይስ ከሚባሉት ትኬቶች አንዱን ከመግዛቱ በፊት፣ የሚቆይበትን ቀንና የሚሄድባቸውን ከተሞች በወረቀት ላይ ቢያሰፍር ገንዘቡ ከብክነት ይድናል።

ዶይችላንድቲኬት እ.ኤ.አ. በ2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ በ2026 63 ዩሮ የደረሰ ወርሃዊ ትኬት ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ በከተማ አውቶቡስ፣ በትራም፣ በምድር ውስጥ ባቡርና በክልል ባቡሮች ያሳፍራል። አይሲኢ በሚባለው ፈጣን ባቡር ግን አያሳፍርም። የሚያገለግለው በአንድ የቀን መቁጠሪያ ወር ውስጥ ስለሆነ፣ ወሩ በገባ በ25 መጥቶ በሚቀጥለው ወር በ5 የሚመለስ ሰው የሁለት ወር ሊከፍል ነው። ከዚህም በላይ የሚሸጠው በየወሩ በሚታደስ ውል በመሆኑ፣ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ያልሰረዘው እንግዳ አገሩ ከገባ በኋላም ከሂሳቡ ይቆረጥበታል። ይህን ሳያውቁ የሚገዙ ብዙዎች ናቸውና አደራ፣ ሲገዙ የመሰረዣውን ቀን አብረው ይመዝግቡ።

ቤተሰብ ይዞ ሙኒክ ለሚያርፍ ሰው ከዚህ ይልቅ ሙኒክ ባለችበት በባየርን ክልል ለአንድ ቀን የሚያገለግለውን ባየርንቲኬትን እመርጥለታለሁ። በአንዱ ትኬት እስከ አምስት ሰው ይሄዳል፤ ለመጀመሪያው ሰው ከሚከፈለው በላይ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው የሚጨመረው ጥቂት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ስለማይሠራ ግን ማልዶ መነሳት አይቻልም። ወደ ኖይሽቫንሽታይን ቤተ መንግሥት የሚወስደው የፉሰን ባቡርም ሆነ ድንበር ተሻግሮ ኦስትሪያ፣ ሳልዝቡርግ የሚገባው የክልል ባቡር በዚሁ ትኬት ይሸፈናል።

ረጅም መንገድ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ከበርሊን ሙኒክ አይሲኢ በአራት ሰዓት ገደማ ሲያደርስ፣ በክልል ባቡር ግን ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀያየሩ ቀኑን ሙሉ መጓዝ ነው። አረጋውያን ወላጆችን ሻንጣ አስይዞ በየጣቢያው ደረጃ ማስወጣትና ማስወረድ ተገቢ አይደለምና፣ ሽፓርፕራይስ የሚባለውን፣ ቀደም ብሎ ሲገዙት የሚረክሰውን የፈጣን ባቡር ትኬት መያዝ ይሻላል። ይህ ትኬት በተቆረጠበት ባቡር ብቻ እንጂ በሌላ አያሳፍርም፤ መድረሻው ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ ግን በሌላ ባቡር መሄድ ይፈቀዳል። የመቀመጫ ቦታ ለብቻው ስለሚከፈልበት ለእናትና ለአባት አብረው ያስይዙላቸው።

ከፍራንክፈርት ወደ ኮሎኝ ብቻ ግን፣ ጊዜ ካለ፣ የክልሉን ባቡር እመክራለሁ። አይሲኢ በአንድ ሰዓት ገደማ ሲያደርስ አብዛኛው መንገድ ዋሻና የአውራ ጎዳና ዳር ነው። በማይንዝና በኮብሌንዝ በኩል የሚሄደው ዝግተኛው ባቡር ግን ራይንን ተከትሎ ይጓዛል። በስተቀኝ መስኮት የተቀመጠ ሰው ጭነት የያዙትን ጀልባዎች፣ በተዳፋቱ ላይ የተደረደረውን ወይን፣ በየኮረብታው አናት የቆሙትን አሮጌ ግንቦች፣ ወንዙ ሲጠብም ከማዶ የሎሬላይን ገደል እያየ ይሄዳል፤ ዶይችላንድቲኬት ለያዘ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው።