ጥለቱን ሳያሳምር የሚያሳይ ስልክ

ሽሮ ሜዳ የሀገር ባህል ልብስ እየሸጥኩ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በባለ ቁልፉ ኖኪያ 105 መቆየቴ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ምን ይገርማል? ደንበኛም ሸማኔም ይደውላል፣ አነሳለሁ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲመጣ እንኳን ስልክ መቀየር አላስፈለገኝም፤ *127# ብሎ መላክም መቀበልም ይቻላል። ባንኩም በአጭር ቁጥር ይሠራል። "ዘመኑ ጥሎሽ ሄደ" ለሚሉኝ ገንዘቤን በየት በኩል እንደምቀበል እነግራቸውና ዝም ይላሉ።

ገበያው ነው ያስገደደኝ። አሁን ቀሚስ በቃል የሚያዝ የለም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ሙሽራ ለሚዜዎቿ የምትፈልገውን ጥለት ፎቶ በቴሌግራም ትልካለች፤ እኔ ፎቶውን ለማየት ልጄ ከሥራ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣ ትዕዛዙን ጎረቤት ሱቅ ይወስደዋል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ትዕዛዙም እንደዚያው ነው፤ ከበዓል በኋላ ቢመጣ ለማን ነው?

እናም መገናኛ ሰፈር ስልክ ልገዛ ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ነጠላ ይዤ ሄድኩ። ጥለቱ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጠርዙ ወርቀዘቦ ነው፤ ካሜራን የሚፈትን ቀለም። ሻጩ ልጅ "ማዘር፣ ይሄ 50 ሜጋፒክስል ነው" እያለ ያነበንብልኛል። ሜጋፒክስል የፎቶውን ስፋት እንጂ የቀለሙን እውነት አይናገርም። አንዱ ስልክ ጥለቴን ቦግ ያለ ቀይ አደረገው፣ ሌላው ወርቀዘቦውን ቢጫ ክር አስመሰለው። ለስልኩ ባለቤት ያማረ ፎቶ ነው፤ ለእኔ ግን ቀሚሱ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ "ይሄማ ያዘዝኩት አይደለም" የሚል ጠብ ነው። የሱቁ መብራት ነጭና ሰማያዊ ስለነበር እሱንም አላመንኩትም። መታወቂያዬን አስይዤ ስልኮቹን በየተራ ደጅ አወጣኋቸው። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነበር፤ አልፈረድኩበትም።

ምርጫው ላይ ብዙ የሚያደክመው የስም ብዛት ነው። ሻጩ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴልን ደርድሮ እንደ ተፎካካሪ ያከራክርሻል፤ ሦስቱም የአንድ የቻይና ኩባንያ፣ የትራንሽን፣ ስልኮች ናቸው። ይህ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ቴክኖ እዚሁ ሀገራችን የሚገጣጠም፣ ጠጋኙም በየሰፈሩ የማይጠፋ ስልክ ነው፤ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው እሱን እመክራለሁ። እኔ የወሰድኩት ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ06ን ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ደጅም ውስጥም ያነሳው ፎቶ ከነጠላዬ ጎን ሲቀመጥ የቀረበው እሱ ነበር።

ሌላው ነገር ቁጥር ነው። ስክሪኑ 6.7 ኢንች ስለሆነ ያለ መነጽር አነባለሁ፤ ጥራቱ 720 በ1600 ፒክስል በመሆኑ ፊልም ለሚወድ ሰው ያንሳል፣ እኔ ፊልም አላይበትም። ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው። ከኖኪያ የመጣ ሰው ግን ማታ ማታ ቻርጅ ማድረግን መልመድ አለበት፣ ምርጫ የለም። ቻርጀሩ ሳጥኑ ውስጥ ስለሌለ ለብቻው ይገዛል፤ ዋጋ ስትደራደሩ እሱን ጨምሩበት። ሁለት ሲምና ሚሞሪ ካርድ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ የ09ኙም የ07ቱም መስመሬ ገባ። የኔው ባለ 4 ጂቢ ራምና ባለ 64 ጂቢ ማከማቻ ነው።

64 ጂቢ ብዙ ይመስላል እንጂ ስልኩ ራሱ ከላዩ ላይ ድርሻውን ይወስዳል፣ የቀረውን ቴሌግራም ይጨርሰዋል። የዕድሩ ግሩፕ፣ የማኅበሩ ግሩፕ፣ የነጋዴው ግሩፕ የሚለጥፈው ቪዲዮ ሁሉ ሳይጠየቅ ይወርዳል። ቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ በራሱ ማውረዱን አጥፉት፤ ፓኬጁም ይተርፋል። ሌላው ማንም ያልነገረኝ ነገር፦ ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ የጥለቱ ክር ይደበዝዛል። በፋይል ሲላክ ግን እንደተነሳ ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ "እስቲ ቀረብ አድርገሽ አንሺልኝ" ማለት ቀንሷል።

አማርኛ ለመጻፍ የጉግሉን ጂቦርድ ከፍቶ አማርኛን መጨመር ይበቃል። እኔ ግን ቮይስ እልካለሁ። ጣቴ መርፌ እንጂ ፊደል አያሯሩጥም።

ስማርት ስልክ ይዞት የመጣው አንድ ጣጣ አለ፤ የክፍያ ስክሪንሾት። ደንበኛ "ልኬያለሁ" ብሎ የደረሰኝ ፎቶ ይልካል፤ እንዲህ ያለ ፎቶ በስልክ ተስተካክሎ እንደሚሠራ ሽሮ ሜዳ የማያውቅ የለም። ድሮ ያለ አማራጭ አደርገው የነበረውን ዛሬም አውቄ አደርገዋለሁ፦ የባንኩ መልእክት በራሴ መስመር ካልገባ ቀሚሱ ከሱቅ አይወጣም። ፎቶው ቢያምርም።

ዋጋውን እዚህ መጻፍ አይጠቅምም። የውጭ ምንዛሬው ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የስልክ ዋጋ አንድ ቦታ አይረጋም፤ በዕለቱ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ። ሳትከፍሉ ግን *#06# ደውሉና የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ሚሞሪው የተባለውን ያህል መሆኑን እዩ። እኔ ይህን ሁሉ ሳደርግ ልጁ በትዕግሥት ቆመ፤ ዋስትናው ላይ ሲደርስ ግን "አለው፣ እኛ እዚሁ ነን" ብሎ በአፍ ሊያልፈው ፈለገ። ደረሰኙ ላይ የስልኩን መለያ ቁጥርና የዋስትናውን ጊዜ እንዲጽፍልኝ ጠየቅኩት።

"ማዘር፣ ልብስ ነጋዴ ነዎት ወይስ ዳኛ?" አለኝ። ጻፈው ግን።