«ሴራሚክ» ብለው ዘይት ቀቡኝ፦ አዲስ መኪና ለያዛችሁ የባሕር ዳር ሰዎች

ወገን፣ አዲስ መኪና ይዛችሁ «ሴራሚክ ላስቀባት» እያላችሁ ከሆነ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። ሴራሚክ የሚባለው ቀለሙ ላይ ተቀብቶ ሲደርቅ የሚጠነክር መከላከያ ሽፋን ነው። እኔ 14,000 ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

ነገሩ የጀመረው በወፍ ኩስ ነው። ሥራ ቦታዬ ሐይቁ ዳር ነው። መኪናዋን የማቆማት ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው። ጥላው ደስ ይላል፣ ግን ዋርካው ፍሬ ሲይዝ የጣና ወፍ ሁሉ እዚያ ነው የሚውለው። የበላውን የሚጥለው ደግሞ የእኔ ኮፈን ላይ። አንድ ዓርብ ሳላየው የቀረውን ሰኞ ጠዋት ደርቆ አገኘሁት። በጥፍሬ ፈገፈግኩት። አታድርጉት! ሲነሳ ከሥሩ ሳንቲም የምታህል የደበዘዘች ክብ ቀረች።

ከማሳጥብበት ላቫጆ አጠገብ ፖሊሽ የሚሠሩ ልጆች አሉ። አንዱ ክቧን አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ጋሼ፣ የአዲስ መኪና ቀለም እኮ ገና አልደረቀም። የባሕር ዳር ፀሐይ ካገኘው አለቀለት። ናኖ ሴራሚክ እናድርግላት፣ የ5 ዓመት ዋስትና አለው» አለኝ። እኔም አመንኩ። ምን ላድርግ፣ መኪናዋ ገና የወንበሯ ላስቲክ አልተነሳም፣ ዓይኔ ናት።

የመጀመሪያው ውሸት ይኸው ነው። የፋብሪካ ቀለም 140 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ተጋግሮ ነው የሚወጣው። እጃችሁ ሲገባ ደርቆ አልቋል። ጊዜ የሚያስፈልገው ጋራዥ ውስጥ እንደገና የተቀባ መኪና ነው። እሱን ሰም ከመቀባት በፊት አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መታገስ ይገባል። ልጁ ይህን ገልብጦ ሸጠልኝ። የፀሐዩ ነገር ግን እውነት አለው። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጨረሩ ይበረታል። ውሸቱን ያጣፈጠው ያቺ እውነት ናት።

ሥራው 40 ደቂቃ ፈጀ። ሜዳ ላይ፣ በቀትር ፀሐይ። እኔ ማኪያቶዬን ይዤ ቆሜ አያለሁ። መሐል ላይ የማሽኑ ስፖንጅ ወድቆ አሸዋ ላይ ተንከባለለ። አንስቶ ሱሪው ላይ መታ መታ አደረገና ቀጠለ። በዓይኔ አይቼ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በመጨረሻ ምንም ጽሑፍ ከሌለው ሃይላንድ አንድ ቢጫ ፈሳሽ ጨርቅ ላይ አፍስሶ ጠረገው። መኪናዋ መስታወት ሆነች። ፊቴን አየሁባት። ከፍዬ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ሁለት ጊዜ ዘነበ፣ ሦስት ጊዜ ታጠበች። አንድ ቀን ማታ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥተን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ኮፈኑን በአግድም መታችው። የሸረሪት ድር! ክብ በክብ የተጫረ፣ ከዳር እስከ ዳር። ያቺ የወፍ ክብ ደግሞ ምንም ሳትሆን ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች።

የመኪና ቀለም ቀቢ ወዳጅ አለኝ፤ በማግስቱ ወሰድኩለት። የቀለም ውፍረት መለኪያውን ጣሪያው ላይ አደረገ፣ 121 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ኮፈኑ ላይ አደረገ፣ 94። «አንተ ሰውዬ፣ ቆዳዋን ነው የላጧት» አለኝ። እንዲህ አስረዳኝ። ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንብርብር ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከላይ ያለችው ግልጽ ሽፋን፣ ፀሐይና ዝናቡን የምትከላከለው፣ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ናት። ከራስ ፀጉር ትቀጥናለች። ፖሊሽ ማለት እሷን መፋቅ ማለት ነው። በልክ ከሆነ ጭረት ያጠፋል፣ ከልክ ካለፈ የሄደው አይመለስም። ቢጫው ፈሳሽ ደግሞ ዘይት ነበር። ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይደብቀዋል፣ ሲታጠብ ይወጣል።

እውነተኛ ሴራሚክ ሌላ ነገር ነው። መኪናው ይታጠባል፣ የተጣበቀው ቆሻሻ እንደ ሊጥ በሚለሰልስ ልዩ ጭቃ ይለቀማል፣ ጭረቱ በቀስታ ይስተካከላል፣ የፖሊሹ ዘይት በአልኮል ይጠረጋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቦታ በቦታ ይቀባል። ቢያንስ አንድ ቀን ውኃ ሳይነካው መዋል አለበት። በ40 ደቂቃ ጨረስኩ የሚላችሁ ሌላ ነገር ነው የቀባው። ጠርሙሱ ታሽጎ መጥቶ ፊታችሁ ይከፈት። ሃይላንድ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉ። ፖሊሹ አልቆ ሴራሚኩ ከመቀባቱ በፊት ደግሞ መዳፍ የምታህል ቦታ በአልኮል ጠርጉና በስልካችሁ መብራት እዩት። ጭረቱን የደበቀው ዘይት ከሆነ እዚያው ይጋለጣል። ትክክለኛውም ቢሆን የወፍ ኩስ ቶሎ ካልተነሳለት ሊበላሽ ይችላል። «አምስት ዓመት አትንካት» የሚል ዋስትና የለም።

የሚያናድደው እድፉ ሴራሚክ አይፈልግም ነበር። ኩስ አሲድ አለው፤ ኮፈን ሲግል ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ያኔ ይበላዋል። እንዳያችሁት እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበት፣ አሥር ደቂቃ ይጠጣ፣ ከዚያ ወደ ላይ አንሱት እንጂ አትፈግፍጉት። የዋርካውን ነጭ ሙጫ በኮሮና ጊዜ የገዛነው አልኮል ያነሳዋል፣ በጥጥ ትንሽ ይዛችሁ ቆዩ። ከእጥበት በኋላ የሚቀረው የውኃ ነጠብጣብ ነጭ አቼቶ ከውኃ ጋር እኩል ተቀላቅሎ ይለቀዋል። ሬንጅ ከሆነ ጨርቅ ላይ ጥቂት ነጭ ጋዝ፣ ወዲያው በመኪና ሻምፖ እጥበት። ሁሉንም በጥላ፣ ላሜራው ሲቀዘቅዝ፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክራችሁ። ቀለሙ ንጹሕ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ እጃችሁን ፌስታል ውስጥ አስገቡና ከታጠበ በኋላ ዳስሱት። በባዶ እጅ የማይሰማው ኮረኮንች በፌስታል ይሰማል።

ብሬን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። «ጋሼ፣ በኦሞ አሳጥበው ነው፣ ኦሞ ሴራሚክ ያነሳል» አለኝ ልጁ። ኦሞ የሚያነሳው ሰም ነው፣ እሱም ለመኪና አይሆንም፣ ግን እኔ በኦሞ አላሳጠብኩም። የዋስትና ካርዴን አወጣሁ። ማኅተም የለውም፣ የዕቃው ስም የለውም፣ ቀን እንኳ የለውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፣ አዎ። ግን ደረሰኝ ሳልጠይቅ ከፍዬ ምን ይዤ ልክሰስ?

ትናንት በዚያ ሳልፍ አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች። ማሽኑ ይጮኻል፣ ባለቤቷ ማኪያቶውን ይዞ ያያል። የወንበሯ ላስቲክ ገና አልተነሳም። ወርጄ ነገርኩት፤ ልጁ ግን ኮፈኑን ጨርሶ በሩ ላይ ደርሶ ነበር።